ስፌት የሌለው ጎጆ

የካቲት 24

ለቁራጬ፣ ለባለ መነጽሯ በያጅ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ በዚህ አይስማማም፤ ግን እሱን ማን ጠየቀው? በደብዳቤሽ አሥራ ምናምን ጥያቄ ደርድረሽ "በተራ መልስልኝ" ብለሻል። ድሮ ቀሚስሽን ልለካ ስጠራሽ አንድ ቦታ መቆም ያቅትሽ የነበርሽው ልጅ ዛሬ እኔን ቀጥ አድርገሽ ታቆሚኛለሽ! እሺ፤ በተራ።

ድንቹ መስኮት ላይ ነው። እንዳዘዝሽው በዕንቁላል ካርቶን ውስጥ ዓይን ዓይናቸውን ወደ ላይ አድርጌ ደርድሬያቸዋለሁ። "ከመተከላቸው በፊት ብርሃን እያዩ ያቆጥቁጡ" ስትዪ ሽማግሌ ልታጃጅዪ መስሎኝ ነበር። ይኸው ከእያንዳንዱ ዓይን ወይን ጠጅ መልክ ያለው ወፍራም ቡቃያ ብቅ ብሏል። ቁርሴን ስበላ ሁሉም አፍጥጠው ያዩኛል። ትናንት አፍሬ ወንበሬን አዞርኩ።

ባቄላውም ከአትክልት ማኅበሩ በተሰጠሽ መሬት ላይ ተዘርቷል። ክር ወጥሬ፣ ርቀቱን በሜትር ለክቼ ነው የዘራሁት። ጎረቤትሽ ሾፌሩ ከመተላለፊያው ማዶ አካፋውን ተደግፎ ሲያየኝ ቆየና፣ "ሰውዬ፣ ባቄላ ነው ወይስ ሱሪ?" አለኝ።

"ባቄላ ነው። ያንተን ሱሪማ ይህ ሁሉ መሬት ጨርቅ ቢሆን አይበቃውም" አልኩት። ሆዱን ታውቂው የለ? ከዚያ ወዲህ ተዋደናል፤ ወሰን ካልተነሣ ማለቴ ነው። ሰላሳ ዓመት አውቶቡስ ሲነዳ ለማንም መንገድ ለቅቆ እንደማያውቅ እየማለ ይናገራል። የሽንኩርት መደቡንም እንደዚያው ነው የሚጠብቀው።

ጠዋት ጠዋት አፈሩ ላይ አሁንም ውርጭ አለ። አንቺ የቀበርሽው አሮጌ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ግን ትናንት ከዳር እስከ ዳር በእንቁራሪት ዕንቁላል ሞልቶ አገኘሁት። ከትናንት ወዲያ ውሃ ብቻ ነበር፤ ቆሜ አይቼዋለሁ። እያንዳንዷ እንደ መስታወት የጠራች፣ መሃሏ ላይ አንድ ጥቁር ነጥብ ያለባት። ማን መጥቶ አስቀምጦት ሄደ? የግቢው በር ተቆልፏል፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። እንደ ሞኝ ኪሴን ዳበስኩ።

አሁን ወደማልወደው ጥያቄሽ። የማኅበሩ ሊቀመንበር መጥታ ነበር። ከቦርሳዋ ሜትር ስትመዝ ባየሁ ጊዜ የሙያ ዘመዴ መስላኝ ደስ አለኝ። እሷ ግን የለካችው እሾሃማውን የቁጥቋጦ አጥርሽን ነው። "ከደረት በላይ አይሆንም፤ ወደ መተላለፊያውም አይወጣም። መጋቢት መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ። ካልተቆረጠ መሬቱ ወረፋ ለሚጠብቅ ይሰጣል" አለችኝ። ለአንቺም ጽፋልሻለች መሰለኝ፤ አለዚያ "አጥሩን ቆረጥከው ወይ?" የሚለውን በአንድ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ባልጠየቅሽኝ።

አልቆረጥኩትም። መቀሱ ዝጓል። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ በጣም ትንሽ ናት፤ ሁለት ሆና ነው የምትመጣው። ለዛሬ ሆድ ይፍጀው።

አያትሽ፣ ከነጉልበቱ


መጋቢት 2

ለአባባ፣

እንደምን ሰንብተዋል? አንቱ ያልኩህ ተቆጥቼ መሆኑን ታውቃለህ።

በፊተኛው ደብዳቤህ ለጠየቅኸኝ ልመልስ። አዎ፣ እበላለሁ። አይ፣ እጄን አላቃጠልኩም፤ ጓንቴን ነው ያቃጠልኩት። አይ፣ የክሬን ኦፕሬተሩ ለትዳር አልጠየቀኝም፤ ስኳር ነው የጠየቀኝ። ደግመህ ብታነሣው ደብዳቤህን ሳልከፍት እመልሰዋለሁ።

ሾፌሩ ያልዛገ መቀስ አለው፤ ተዋሰው። ሁለት ሆና የምትመጣው ምክንያት ምንድን ናት? ድመት ከሆነች አልቀበልም።

አባባ፣ አሁን አልቀልድም። ያን መሬት ስንት ዓመት እንደጠበቅኩት ከማንም በላይ አንተ ታውቃለህ። ስሜ ወረፋው ላይ ሲጻፍ እናቴ በሕይወት ነበረች። እዚህ ሸለቆ ውስጥ ስልክ የለም፤ ከእግሬ በታች ጠጠር፣ ከራሴ በላይ ብረት ነው። የምተኛበት ክፍል በመኪና ተጭኖ የመጣ ነው፤ የምንሠራው ድልድይ ሲያልቅ ተጭኖ ይሄዳል። እኔም አብሬው እጫናለሁ። "ሥራው ሲያልቅ ወደዚያ ነው የምሄደው" የምለው ቦታ ያ ቁራሽ አፈር ብቻ ነው። በይጄ ስጨርስ መነጽሬን አውልቄ ዓይኔ እስኪለምድ ድረስ የሚታየኝ የበየድኩት ብረት አይደለም። ያ ጥቁር አፈር ነው።

ቁረጠው። እባክህ።

ቁራጭህ

ስለ ሳፋው ያልከውን አንብቤ ስቄያለሁም፣ አልቅሻለሁም። ውሃው እንዳይጎድልባቸው።


መጋቢት 9

ቁራጬ፣

አንቱ መባሌን በደስታ ተቀብያለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ ያከበረኝ አልነበረም። ስለ ክሬኑ ሰውዬ አላነሣም። ስኳር ግን ዝም ብሎ አይጠየቅም።

ድመት አይደለችም። ወፎች ናቸው፤ ወንዱና ሴቷ። ስማቸውን አላውቅም፤ ሾፌሩም አያውቅም። እኔ "ማንኪያዎቹ" ብያቸዋለሁ። አካላቸው ከሎሚ የሚያንስ ድብልብል ነው፤ ጭራቸው ደግሞ ከአካላቸው የሚረዝም ቀጥ ያለ እጀታ። አጥርሽ ውስጥ፣ እሾሁ በጣም በጠበቀበት፣ ወደ መተላለፊያው ባጋደለው ጎን ቤት እየሠሩ ነው።

መጀመሪያ ቀን የሾፌሩን መቀስ ይዤ ነበር የሄድኩት፤ እውነቴን ነው። ሴቷ በምንቃሯ የሚያብረቀርቅ ነገር ይዛ መጣች። ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩና አየሁ። የሸረሪት ድር ነው። ከየት እንደምታመጣው በዓይኔ ተከተልኳት። ከመሣሪያ ቤትሽ መስኮት ጥግ! አንቺ "ጥረግልኝ" ያልሽውን፣ እኔ ያልጠረግኩትን። ስንፍናዬም እንዲህ ለቁም ነገር በቃ።

ስለ አፈር አላውቅም፤ ስለ ጨርቅ ግን አውቃለሁ። ስለዚህ በማውቀው ልንገርሽ። ግድግዳው ከድንጋይ ላይ ከሚነቀል አረንጓዴ ለስላሳ ሽበት ነው። ውጪውን በዛፍ ሽበት ለብጠውታል፤ ያ ቅርፊት ላይ የሚጣበቀው ግራጫ ነገር። ከሁለት እርምጃ ርቆ የሚያይ ሰው እንጨት ነው ብሎ ያልፋል። ገበር አለው፤ ገበሩ ላባ ነው። ላባውን አንድ አንድ እያሉ ያመጡታል። መቁጠር ጀመርኩና እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ገና ያመጣሉ።

ስፌቱን ፈለግኩት። ማንም የሰፋውን ልብስ ገልብጬ የት ጀምሮ የት እንደጨረሰ ሳላገኝ ቀርቼ አላውቅም። እዚህ ግን የለም። ሁሉን አንድ ላይ የያዘው ድሩ ነው። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" የሚለውን እስከ ዛሬ የማኅበር ሰዎች መዋጮ ሲፈልጉ የሚናገሩት ይመስለኝ ነበር።

ቀጥሎ የምነግርሽን ስታነቢ አትሳቂ። ማንኪያዋ ወደ ውስጥ ገባች፤ ዞር ዞር ብላ ግድግዳውን በደረቷ ገፋችው። ግድግዳው ተለጠጠ። ስትወጣ ተመልሶ ገጠመ። ገባሽ? ድሩ ይለጠጣል! ጫጩቶቹ ሲያድጉ ቤቱ አብሯቸው ይሰፋል። እናትሽ ልጅ ሳለች ቀሚሷ እንዳያጥርባት ጫፉ ላይ ትርፍ አጥፌ እሰፋ ነበር። በየዓመቱ እፈታለሁ፤ በየዓመቱ መልሼ እሰፋለሁ፤ በየዓመቱ የድሮው እጥፋት ምልክቱ ይታያል። ይህን ግን አንዲት ምንቃሯ እንኳ በቅጡ የማይታይ ፍጥረት ያለ መርፌ፣ ያለ ምልክት አስባበታለች። ቆቤን አወለቅኩ። ለምን እንዳወለቅኩ አላውቅም፤ ብርድ ነበር።

ልረዳቸው ብዬ ከስፌት ሣጥኔ ትርፍራፊ ክር ቆራርጬ እሾሁ ላይ ሰቅዬላቸዋለሁ። ሐርም አለ፣ ጥጥም አለ። ባለሙያ ለባለሙያ ነውና።

መቁረጡን ሰምቻለሁ። አንቺንም ሰምቻለሁ፣ እነሱንም እየሰማሁ ነው። ትንሽ ቀን አለን።

አያትሽ


መጋቢት 17

ቁራጬ፣

"ክሩን አሁኑኑ አንሣው፤ እዚህ መወጣጫው ላይ በክር እግሯ የተቆረጠ ርግብ አይቻለሁ" ያልሽበት ደብዳቤ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ትናንት ቢደርስ ጥሩ ነበር።

ይቅርታ የምለው አንቺን ይሁን እሷን አላውቅም። የሸረሪት ድር ሲሳብ ይለጠጣል፤ ሲበዛበት ይበጠሳል። የኔ ክር ግን አይበጠስም። ሰው ሱቄ ሲመጣ "የኔን ክር በሬ አይበጥሰውም" እያልኩ የኮራሁበት ክር ነው። ትናንት ስደርስ ማንኪያዋ ከእሾሁ ላይ በአንድ እግሯ ተንጠልጥላ፣ ራሷ ወደ መሬት ተዘቅዝቆ ነበር። ቀይ ሐር። ወንዱ ዙሪያዋን እየዞረ ቀጭን ድምፅ ያሰማል፤ መርፌ በብርጭቆ ላይ እንደ መጎተት ያለ።

እጄን ታውቂዋለሽ። ሥራ ያቆምኩትም በእሱ ነው፤ ሻይ ስጠጣ ግማሹን ለሳህኑ አካፍላለሁ። ሾፌሩን ጠራሁት። የእሱ ጣት ደግሞ እንደ ሙዝ ነው።

"አንተ ያዛት፣ እኔ ልቁረጥ" አልኩት።

"አንተ? እንዲህ እየተንቀጠቀጥክ?"

"ወፏም ትንቀጠቀጣለች፤ እንግባባለን።"

በሁለት መዳፉ ያዛት። ትንፋሹን ውጦ ሲቆም ሌላ ሰው መሰለኝ። የአዝራር ቀዳዳ የምከፍትባትን ትንሿን መቀስ አወጣሁ። በክሩና በእግሯ መካከል የመቀሷ ጫፍ የሚገባበት ቦታ እንኳ አይታይም ነበር። ቆረጥኩት። እንዴት እንደቆረጥኩት ብትጠይቂኝ አላስታውስም። ሾፌሩን ጠይቂው፤ እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ነበር አሉ። ማን አለ? እሱ ራሱ።

"እስቲ አንተም ያዛት" ብሎ መዳፌ ላይ አኖራት። ቁራጬ፣ ክብደት የላትም። የኮት አዝራር ከእሷ ይከብዳል። የልቧ ምት ግን እስከ ክንዴ ተሰማኝ፤ የሚንቀጠቀጠው የኔ እጅ ይሁን የእሷ ልብ መለየት አቃተኝ። እንዲያ ያለ ትልቅ ነገር እንዲያ ባለ ትንሽ አካል ውስጥ እንዴት ይገባል? ይህን እያሰብኩ ሳለሁ መዳፌ ባዶ ሆነ።

ክሩን ሁሉ ለቅሜ አንሥቻለሁ። ሾፌሩ ከኔ በኋላ ደግሞ ለቀመ፤ አያምነኝም።

ዛሬ አልመጡም። ጎጆው ጣሪያው ሳያልቅ ቆሟል። ቀኑ እየቀረበ መሆኑን አውቃለሁ፤ "እነሱ ከሄዱማ ምን ትጠብቃለህ?" እንደምትዪኝም አውቃለሁ። ነገ ካልመጡ እቆርጣለሁ። ወይም ከነገ ወዲያ።

አያትሽ


መጋቢት 22

አባባ፣

የዕቃ መኪናው ሞተሩን ሳያጠፋ እየጠበቀኝ ነው፤ ስለዚህ አጭር ነው።

ደብዳቤህን መወጣጫው ላይ አነበብኩት። ስጨርስ ከመውረድ ይልቅ እዚያው ተቀመጥኩ። የክሬን ኦፕሬተሩ ከታች አይቶኝ "ምነው፣ ሰው ሞተብሽ እንዴ?" ብሎ ጮኸ። "አይ፣ አንዲት ወፍ ተርፋ ነው" አልኩት። ምሳ ላይ አንብቢልኝ አለ፤ አነበብኩለት። ሲያዳምጥ ቆየና ሄዶ ስኳሩን መለሰልኝ። አትሳቅ።

መጡ ወይ? ከመጡ አትቁረጠው። ካልመጡም አትቁረጠው፤ ሊመጡ ይችላሉ።

መሬቱን ከወሰዱት ይውሰዱት። ይህን ስጽፍ እጄ ደህና ነው፤ ሌላው አካሌ ግን ደህና አይደለምና ሁለተኛ እንዳታስጽፈኝ። ለሊቀመንበሯም ጽፌያለሁ፤ "አያቴ ያልቆረጠው እኔ ስለከለከልኩት ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው" ብያታለሁ። ወረፋው ላይ እንደገና እመዘገባለሁ። "እስኪደርስሽ እኔ በሕይወት ልኖር ነው?" እንዳትለኝ። ትኖራለህ።

ድንቹን ለሾፌሩ ስጠው። ቡቃያው ሳይሰበር ይትከለው።

ቁራጭህ


ሚያዝያ 10

ቁራጬ፣

ድንቹን ለማንም አልሰጥም። ቀስ ብለሽ አንብቢ፤ ዘለሽ መጨረሻውን ብታዪ ከዚህ ሆኜ አውቅብሻለሁ።

መጡ። ያን ደብዳቤ በላክሁልሽ ማግስት ከሰዓት በኋላ፣ እሷ አንድ እግሯን ሰብሰብ አድርጋ፣ ምንቃሯ ላይ ላባ ይዛ። እንደ ቀድሞው ሥራዋን ቀጠለች። ቂም የላትም። እኔ ብሆን ዓመት አኮርፍ ነበር።

"አትቁረጠው" ያልሽበት ደብዳቤ የደረሰኝ ቆርጬ ከጨረስኩ በኋላ ነው። አትደንግጪ፤ አንብቢ ብያለሁ። የሾፌሩ የአጥር መቀስ አንዴ ሲገጥም አጥሩ በሙሉ ይናወጣል፤ እነሱም ብር ብለው ይጠፋሉ። ስለዚህ የኔን መቀስ አመጣሁ። ትልቁን፣ የጨርቁን። አያትሽ ነፍሷን ይማርና ወረቀት እንድትቆርጥበት አንድ ቀን ያልፈቀድኩላትን። የልብስ ሰፊ መቀስ ከጨርቅ ሌላ ከነካ እንደሚሞት ታውቂያለሽ። በእሱ እሾህ ቆረጥኩ። ቅርንጫፉን እንዳይነቃነቅ በአንድ እጄ ይዤ፣ አንድ አንድ እያልኩ። እነሱ ሲሄዱ እቆርጣለሁ፣ ሲመለሱ ባልዲው ላይ እቀመጣለሁ። ጠጉራም ትልቅ ንብ መጥታ እጅጌዬ ውስጥ ቤት ልትሠራ ስትሞክር እንኳ አልጮህኩም። አጥሩ እንደ ኮት ወጣ፤ ትከሻው እኩል፣ ጎኑ ቀጥ ያለ። መቀሱ አሁን ቅቤ አይቆርጥም።

ጎጆው ዙሪያ ያለውን ግን አልነካሁም። በዚያ በኩል ኪስ የምታህል እብጠት ወደ መተላለፊያው ወጥታ ቀረች። ከዚህ በላይ ብቆርጥ ጎጆው ተራቁቶ ይታይ ነበር።

ሊቀመንበሯ ደብዳቤሽን በእጇ ይዛ መጣች። ከዳር እስከ ዳር ለካች። እብጠቷ ጋ ስትደርስ ቆመች።

"ይህ አንድ ስንዝር ወጥቷል።"

"እመቤቴ፣ ለሚያድግ ልጅ ሲሰፋ ትርፍ ይተዋል" አልኳት።

"ደንቡ ስለ ትርፍ አይናገርም።"

"ስለ ምን ይናገራል?"

"አጥር ወደ መተላለፊያው አይወጣም ይላል፤ አለቀ።"

ልለምናት አፌን ስከፍት ወንዱ ላባ ይዞ መጣ። ከራሱ የሚበልጥ ነጭ ላባ። ሊቀመንበሯ ሜትሯን እንደዘረጋች የጎጆው በር ፊት ቆማለች። ወፉ ቅርንጫፍ ላይ አረፈ፣ ተመለከታት፣ ከዚያ በክንዷ ሥር አልፎ በሩ ላይ ተለጠፈ። ላባው በቁመቱ አልገባ አለው። አዞረው፤ በጎኑም አልገባም። ወጣና እንደገና ዞሮ በጀርባው ገባ፤ ላባውን ከኋላው እየጎተተ። ውስጥ ሆኖ ሲገፋ ግድግዳው አበጠ፤ ቆየት ብሎ ተመልሶ ገጠመ። ሜትሩ ከሴትየዋ እጅ ቀስ እያለ ወደ መሬት ወረደ፤ አላወቀችም።

"እንዲህ ነው እንዴ?" አለች። እኔን አልነበረም የጠየቀችው።

በመጨረሻ ሜትሯን ጠቀለለችና ከማዶ ሽንኩርቱ ዳር ቆሞ ወደሚያየን ሾፌር ዞረች። "ደንቡ ስለ አጥር ነው የሚናገረው። መተላለፊያው የት ላይ ይሁን አይልም። የመተላለፊያው የወሰን ችካል አንድ ስንዝር ወደ አንተ ቢመጣ ምን ትላለህ?"

አንድ ስንዝር! ያን ሰውዬ! ሽንኩርቱን አየ፣ አጥሩን አየ፣ ከዚያ እነዚያን ሙዝ የሚያህሉ ጣቶቹን ዘርግቶ መዳፎቹን አየ።

"አምቡላንስ እንኳ እያጉረመረምኩ ነው ያሳለፍኩት" አለ። ጎንበስ ብሎ የዳሩን ሽንኩርት አንድ አንድ እያለ ነቀለ። ችካሉንም ራሱ ነቅሎ ራሱ ወደ ውስጥ ተከለው፤ በጫማው ረገጥ ረገጥ አደረገው። ከዚያ ሊቀመንበሯን፣ "እኔ እኮ ሴቷን ወፍ ይዣት ነበር፤ በእነዚህ እጆች" አላት።

መሬቱ ያንቺ ነው። ወረቀቱን ፈርማ ሰጥታኛለች፤ ስትመጪ እሰጥሻለሁ። ድንቹም ጉድጓዱ ውስጥ ገብቷል። ሳፋው ውስጥ ነጥቦቹ ሁሉ ጭራ አውጥተው ይዋኛሉ። የተነቀለውን ሽንኩርት ሦስታችን ተካፍለናል፤ ለሾፌሩ ብዙውን ሰጠነው፤ አሁንም አጉረመረመ።

ይህ መጨረሻው ነው ብለሽ ደብዳቤውን እንዳታጥፊ።

ማንኪያዋ ሰሞኑን ብዙም አትወጣም። ዛሬ ጠዋት ወጥታ ፀሐይ ላይ አረፈች። ጭራዋ ጎብጧል። ያ ቀጥ ያለ እጀታ እንደ ማጭድ ተጣሟል። ሌላ ጉዳት አድርሼባታለሁ ብዬ ሾፌሩን ጠራሁት፤ ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየናት። መጀመሪያ የገባው ለእሱ ነው። "ቤቱ ክብ ነው እኮ፤ ጭራዋን የት ታድርገው?" አለኝ በሹክሹክታ። ዕንቁላል ታቅፋለች። በዚያች ድብልብል ክፍል ውስጥ ያንን የሚያህል ጭራ በጀርባዋ ላይ አጥፋ ነው ቀኑን ሙሉ የምትቀመጠው።

ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልብስ መጨማደድ በካውያ ሳቃና ኖሬያለሁ። እሷ ክንፏን አንዴ ዘረጋች፣ ውሃ ጠጣች፣ ጭራዋን ግን አላቃናችም። እንደታጠፈ ይዛው ተመልሳ ገባች። ግድግዳው ሰፋ፤ ከዚያ በላይዋ ላይ ገጠመ።

እኔና ሾፌሩ እዚያው ቆመን ቀረን። ምን ያህል እንደቆምን አላውቅም። አንድም ቃል ሳልናገር፤ እኔ፣ አያትሽ፣ ዝም ብዬ።